ፊቱን ወደ ባሮ ያዞረው ገበያ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ውሸት ነው። እኔ አንድም ቀን ያላየሁት መርከብ ይናፍቀኛል።

ያደግኩት ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ነው። አባቴ ፈረጅ ከስልጤ መጥቶ የከፈተው የጨውና የገመድ ሱቅ ከወንዙ ዳርቻ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ ዳርቻ ላይ፣ ድሮ፣ ክረምት ገብቶ ውሃው በሞላ ቁጥር ከሱዳን መርከብ ይመጣ ነበር ይላሉ። ዛሬ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፣ ገላቸውን የሚታጠቡ አሉ፣ ትንንሽ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው መረብ የሚፈቱ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ መርከብ የለም። እኔ ግን ሙቀቱ ሲበረታና ወንዙ ላይ አየሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ዓይኔን ጨፈን ካደረግኩ ትመጣልኛለች። ነጭ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ሰውም አይታይባትም። አባቴ ለደንበኛ ሁሉ «ይቺ ልጅ ቆማ ታልማለች» እያለ ያማኛል። ጨው ስጪኝ ላለኝ ሰው ገመድ የሰጠሁበት ቀን ብዙ ስለሆነ ልቆጣው አልችልም።

ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ማለም ደመወዝ አመጣልኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በክልላችን ገበያ የሚያቋቁምለት ሰው ፈልጎ እኔን ቀጠረ። ገበያው በርበሬና ቲማቲም የሚሸጥበት አይደለም። በአንድ ወገን፣ ገንዘባቸውን ለሰው በሚበጅ ሥራ ላይ ማዋል የሚፈልጉ፣ ግን ትርፉንም የማይጠሉ ባለሀብቶች አሉ። በሌላው ወገን፣ እንዲህ ያለ ሥራ ጀምረው አቅም ያጠራቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሁለቱ በዓመት አንድ ቀን አንድ ቦታ ተገናኝተው እንዲተያዩ ማድረግ ነው የእኔ ሥራ። ወረቀቱ ላይ «ክልላዊ የማኅበራዊ ኢንቨስትመንት ገበያ» ይላል።

ለአባቴ ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ።

«ሚዛን አለው?»

«የለውም።»

«ዕቃስ?»

«ዕቃው ሥራ ነው አባ። ሐሳብ ነው።»

«ሐሳብ የሚገዛ ሰው ካገኘሽ እኔም ብዙ አለኝ፣ በጅምላ እሰጠዋለሁ» አለና ሳቀ። በማግስቱ ግን ለጥላ የሚሆን ትልቅ ሸራ ከሱቁ አውጥቶ ባጃጅ ላይ ጭኖልኝ ሄደ። አባቴ እንዲህ ነው፤ አፉ አይሆንም ሲል እጁ ይሰጣል።

አብሮኝ የሚሠራው ጌዴዎን ነው። የአኙዋ ልጅ ነው፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራኑን ይመራል፣ በሌላው ቀን ከእኔ ጋር አቧራ ይበላል። ከጎግ ማር የሚያነጥሩ ወጣቶችን አገኘን። ከአቦቦ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ለገበሬ የሚያከራይ ሰው አገኘን። ልቤን የወሰዱት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ማማ ኛሙትና አማቿ ጂያት።

ማማ ኛሙት ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ነው የምትኖረው። ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ዓሣ ትዘለዝላለች፣ ጨው ትነሰንሳለች፣ ታደርቃለች። የልጇ ባል ጂያት ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወፍጮ አለችው፤ የደረቀውን ዓሣ ከማሽላና ከለውዝ ጋር አድርጎ ለሕፃናት ገንፎ የሚሆን ዱቄት ይፈጫል። ጀዊ ውስጥ ያንን ገንፎ በልተው ጉንጫቸው የሞላ ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። ጠላታቸው ዝናብ ነው። ባለፈው ክረምት ምንጣፍ ላይ የተሰጣው ዓሣ ሁሉ ተልቶ ተደፋ። የሚያስፈልጋቸው ማድረቂያ ቤት ነው፤ ፀሐይ የሚያስገባ፣ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ያለው።

«ዘንድሮም ከተላ ይበቃል» አለችኝ ማማ ኛሙት አንድ ቀን፤ የምናወራው በእሷ ኑዌርኛና በእኔ የሱቅ ኑዌርኛ ነው። «ሴቶቹ ወደ እንጨት ለቀማ ይመለሳሉ። ጫካ ለእንጨት ሄደው ያልተመለሱ ሦስት ሴቶች በስማቸው አውቃለሁ።»

ይህን ስትለኝ መጋቢት ሊያልቅ ነበር። ዝናቡ ሊጀምር አንድ ወር ቀርቶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ገበያው ሳስብ የማስበው ስለዚያ ጣሪያ ብቻ ሆነ።

አሁን ስለ ሁለቱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በኑዌር ወግ ወንድ ልጅ አማቱ እያየችው እህል አይቀምስም። ጥል አይደለም፣ ክብር ነው። ጂያት ማማ ኛሙትን መንገድ ላይ ካያት መንገዱን ይለቅላታል። እሷም ስሙን አትጠራም፣ «ያ ሰው» ነው የምትለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጆንያው ከጀዊ ወደ ወፍጮው፣ ዱቄቱ ከወፍጮው ወደ ጀዊ ሲመላለስ፣ ቃል የምታመላልሰው የጂያት ሚስት ናት። ንግዳቸው ከብዙ ሰው ንግድ ያማረ ነበር፤ ምናልባትም ስለማይተያዩ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ማማ ኛሙት ጨው ልትገዛ ሱቅ መጣች። በኑዌር ሰላምታ «ማሌ» አለችኝ፣ «ማሌ ማማ» አልኳት። ጨዉን ከተቀበለች በኋላ አልሄድ አለች። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ አባቴ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ያ ሰው ዱቄቱን ይበላዋል?» አለችኝ።

«ልጅሽ ምን አለችሽ?»

«ይወደዋል ትላለች። ልጄ እኔን ደስ ለማሰኘት የማትለው ነገር የለም።»

ሳቅኩ። ነገሩ እንዴት እንደሚከብዳት አልገባኝም ነበር።

የገበያው ቀን ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የጂያት ሚስት ወለደች። ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኗን አቅፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጄን ያዘችኝ። «እኔ አልመጣም። በመሐላቸው አንቺ ሁኚ። አደራ» አለችኝ። «እሺ፣ አታስቢ» አልኳት። አደራ እንዲህ በቀላሉ አይበላም ይባላል። እኔ ስበላው ግን እየበላሁ መሆኔን እንኳ አላወቅኩም፤ ልቤ ወንበሮቹ ጋ ነበር።

ወንበሮቹን ሦስት ሳምንት አልሜያቸዋለሁ። በዕድሜዬ ያየሁት ስብሰባ ሁሉ ሰው የሰው ማጅራት እያየ የሚውልበት ነው። የእኔ ገበያ እንዲህ አይሆንም አልኩ። ከአሮጌው የወደብ መጋዘን ፊት ለፊት፣ ማንጎዎቹ ሥር፣ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደረደርኩ፤ ሁሉም ሁሉን እንዲያይ፣ ባለሀብት ከሠራተኛ ዓይን ለዓይን እንዲገጣጠም። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ስም ለጠፍኩ። ለማማ ኛሙት የክብር ቦታ ሰጠኋት፣ ከፊት፣ ተናጋሪው ከሚቆምበት ቦታ አራት እርምጃ ርቀት ላይ። እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ ይህን አደረግኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ጠዋቱ ቆንጆ ነበር። ባሮ ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቶ ነበር፤ ከጭጋጉ ውስጥ የልብስ አጣቢዎች ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን አይታዩም። የበሰለ ማንጎ በየመሐሉ ሸራው ላይ ዱብ ይላል። ሰው አንድ ሁለት እያለ መጣ። አባቴ ነጭ ቆቡን አድርጎ የስሙን ወረቀት ሦስት ጊዜ አንብቦ ተቀመጠ። የጌዴዎን መዘምራን ዘመሩ። የጎግ ወጣቶች ማራቸውን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው እንደ ወርቅ አስመሰሉት። ይህ ሁሉ ከራሴ የወጣ ሕልም ነው ብዬ ሳስብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ባለሀብቶቹ ሰባት ነበሩ። ትልቋ ወይዘሮ ቦጋለች ናቸው፤ ፀጉራቸውን ያልተቀቡ፣ የሸራ ጫማ ያደረጉ፣ በማስታወሻ ደብተራቸው የሚያራግቡ ሴት። ሌሎቹ ከተናገሩ በኋላ እሳቸውን ያያሉ። ከሁሉም ነገር የጠየቁኝ ስለ ዱቄቱ ነበር፤ የመጡትም ለእሱ እንደሆነ ነገሩኝ።

ጂያት ተነሣ። ረጅም ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ማማ ኛሙት ፊት ለፊቱ እንዳለች ሲያይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ዓይኑን ከራሷ በላይ አሻግሮ ወንዙ ላይ ተከለ። እሷም መሬት አየች። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

«እኔ ጂያት ነው» አለ። «ወፍጮ አለኝ። ዓሣ፣ ማሽላ፣ ለውዝ፣ አንድ ላይ ይፈጫል። ልጆች ይበላል፣ ይጠነክራል። ክረምት ግን ዓሣ ይተላል። ቤት እንፈልጋለን፣ ጣሪያ ያለው።»

ሰው አጨበጨበ። ያን ጊዜ ነው ጌዴዎን በፕሮግራሙ መሠረት ገንፎውን በሳህን ያመጣው። «ቅምሻ» የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንግዶቹ ይቀምሳሉ ብዬ ነበር፣ ሌላ አላሰብኩም። ወይዘሮ ቦጋለች ግን እጃቸውን አነሱ።

«በእኛ ቤት ያበሰለ ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም። አቶ ጂያት፣ እርስዎ ይቅደሙና እኛ እንከተላለን።»

እዚህ ላይ እኔ ምን አደርግ ነበር? እውነቱን ልናገር። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተደግፌ፣ በሰዉ ራስ ላይ አሻግሬ ባሮን አይ ነበር። ጭጋጉ ተገፎ አየሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ነጯ መርከብ በመታጠፊያው ብቅ እያለች ነበር። እንዲህ ቀርባ አታውቅም። ዛሬ ትደርሳለች አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ጭነቷን ታራግፋለች።

ጌዴዎን ክንዴን ቆነጠጠኝ።

«ሪድዋና! ንቂ እንጂ! ሰውዬውን በአማቱ ፊት ብላ አሉት እኮ!»

ነቃሁ። ጂያት ሳህኑን በአንድ እጁ፣ ማንኪያውን በሌላው ይዞ ቆሟል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ማማ ኛሙት ከእሱ አራት እርምጃ ላይ፣ እኔ ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ናት።

«እኔ በኋላ ነው የሚበላው» አለ ጂያት።

«አሁን ነው የምንፈልገው» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች።

«አሁን አይቻልም።»

«ለምን?»

ጂያት መሬት አየ። ምክንያቱን መናገር ከመብላቱ አይሻልም፤ የአማትን ስምና የእህልን ነገር በእሷ ፊት በአንድ አፍ ማንሳት ያው ነውር ነው። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ከእንግዶቹ አንዱ ለጎረቤቱ በጆሮው አንድ ነገር አለ። ወይዘሮ ቦጋለች ማራገባቸውን አቁመው ደብተራቸውን ዘጉት።

ሮጬ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወጉን፣ ወንበሩን፣ የእኔን ጥፋት።

«ሪድዋና፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ስንት ሰበብ እንደሰማሁ አታውቂም» አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «አንድ ጊዜ ለሕፃናት ምግብ የሚሠራ ሰው አመንኩ። ለገዛ ልጁ ሲያበላ ግን አይቼው አላውቅም። ምክንያቱን ያወቅኩት ልጆች ከታመሙ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳላይ አላምንም።»

«ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አይሁኑብኝ፣ እባክዎ» አልኳቸው። አፌን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አልተቆጡም። «እንግዲያው ሴትዮዋ ለአፍታ ፈቀቅ ትበል። ንገሪያት።»

«ዓሣው የእሷ ነው። ከገዛ ገበያዋ ተነሽ ልበላት? ያውም እሱ ሊበላ ነው ብዬ?»

«እኔ ስምንት ሰዓት ላይ አውሮፕላን አለኝ» አሉ። «ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሌላ ጊዜ ማለት ከዝናቡ በኋላ ማለት ነው። ማማ ኛሙት በስማቸው የምታውቃቸው ሦስቱ ሴቶች ትዝ አሉኝ። አፍሬ፣ ፈርቼ፣ ራሴን ረግሜ፣ እዚያው እንደተንበረከክሁ ቀረሁ።

ያን ጊዜ የወንበር እግር መሬት ሲፍቅ ሰማሁ። ማማ ኛሙት ተነሥታለች። አማርኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ የሰውዬውን የተደፋ አንገት አይታለች፣ ለዚያ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም። የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። የተቀመጠችበትን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር በሁለት እጇ አንሥታ አዞረችው። ከዚያ ጀርባዋን ለገበያው፣ ፊቷን ለባሮ ሰጥታ ተቀመጠች።

ከእንግዶቹ አንዱ «ተቆጣች እንዴ?» አለ።

ከኋላዋ ያሉት የጀዊ ሴቶች ተነሡ፣ ወንበራቸውን አዞሩ። ብቻዋን ጀርባ የሰጠች ሴት እንዳትመስል ነው። ከዚያ ጌዴዎን ለመዘምራኑ ዓይኑን ጠቀሰ፣ እነሱም ዞሩ። የጎግ ወጣቶች ማራቸውን እንደያዙ ዞሩ። አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ።

«ምንድን ነው?»

«ጂያት እንዲበላ ነው አባ።»

«ታዲያ መጀመሪያስ ማን ነው ባሮን የሚያህል ወንዝ ጀርባ ሰጥታችሁ ተቀመጡ ያለን?» አለና፣ ቢስሚላሂ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ ወንበሩን አዞረ። ከእሱ በኋላ ሱቅ ያለው ሁሉ ዞረ።

ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ።  ሰባ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወንዝ እያየ ተቀምጧል። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያወራም። ማንጎ አንድ ጊዜ ሸራው ላይ ወደቀ። እኔም ልዞር ብዬ ነበር፤ ግን አደራው ትዝ አለኝ። መሐል ያለ ሰው ማየት አለበት። ስለዚህ ወደ ወንዙ አልዞርኩም፣ መርከቧም መጥታ እንደሆነ አላውቅም።

ጂያት ሳህኑን አነሣ። ቁጢጥ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀስ ብሎ አስገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛው ፈጠነ። ሦስተኛው ላይ እኛ መኖራችንን ረሳ። ጨረሰና ሳህኑን በጣቱ ዙሪያውን ጠረገ፣ ጣቱን ላሰ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ አፉን በመዳፉ አበሰ።

ወይዘሮ ቦጋለች ሌላ ሳህን ሳቡና እሳቸውም በሉ። ሲበሉ የሚያዩት ገንፎውን አልነበረም፣ የማማ ኛሙትን ጀርባ ነበር።

«ስንት ዓመት አብረው ሠሩ?»

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሲበላ አላየችውም?»

«አላየችውም።»

ደብተሩን ከፈቱት። «የማድረቂያው ቤት ንድፍ ስንት በር አለው?»

«አንድ።»

«ሁለት አድርጉት፣ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ። የዱቄቱን የላቦራቶሪ ምርመራ ወረቀት ሳላይ አልፈርምም፣ ይህን እወቂ። ወረቀቱ ከመጣ ግን ጣሪያው ዝናቡን ይቀድመዋል።»

ወረቀቱ ቤቴ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በእግሬ ሮጬ ላመጣው እችል ነበር። መጀመሪያ ግን ወደ ማማ ኛሙት ሄድኩ። ሰው ሁሉ ገና ወንዙን እያየ ነው፤ በቃ ያላቸው ስለሌለ ማንም አልዞረም። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና በሱቅ ኑዌርኛዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ ቤቱ ሊሠራ ነው፣ ከዝናቡ በፊት ነው፣ ሴቶቹ ጫካ አይሄዱም አልኳት።

ሰማችኝ። ራሷንም ነቀነቀች። ከዚያ እጅጌዬን ያዘችና ወደ አፏ ሳበችኝ።

«በላው?»

«በላው ማማ።»

«ጨረሰው?»

«ጨርሶ ጣቱን ላሰ።»

ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ግን አልተመለሰም፣ በሁለቱም ጉንጯ ወረደ።

«ጨው ይበዛበታል ብዬ ስድስት ዓመት ሰጋሁ» አለችኝ።

«አሁን ሳህኑን አስቀምጧል። መዞር ትችያለሽ።»

«አልዞርም። አንቺ ንገሪኝ። ማንኪያውን ሲያነሣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ደግነቱ፣ በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ፣ ሳላልም ሁሉንም አይቼ ነበር። ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሬ ነገርኳት።